ባለሜዳነት ያለ ሜዳ፦ የአርባ ምንጭ ከተማ እግር ኳስ ክለብ የውድድር ዘመን ከኦቾሎ ዱቡሻ አንጻር ሲታይ

አኅጽሮተ ጥናት

የኢትዮጵያ ፕሪምየር ሊግ ከ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ጀምሮ ክለቦች በየከተማቸው እየተጋበዙ የሚጫወቱበትን ሥርዓት ትቶ፣ ሁሉም በተመረጡ ጥቂት ከተሞች ተሰባስበው የሚጫወቱበትን አሠራር ተከትሏል። ይህ ጽሑፍ አሠራሩ ለአስተናጋጅነት ባልተመረጠ ከተማ ክለብ ላይ ያለውን ትርጉም በአርባ ምንጭ ከተማ እግር ኳስ ክለብ ምሳሌነት ይመረምራል። የመመልከቻ መነጽሩ በጋሞ ደጋ በምትገኘው ኦቾሎ የሚታወቀው የአደባባይ ሸንጎ፣ ማለትም ዱቡሻ ነው። ለንጽጽርም ከ2020 እስከ 2022 እ.ኤ.አ. ከአገሩ ውጪ የኖረው የኒውዚላንድ ዋሪየርስ የራግቢ ሊግ ክለብ ታይቷል። የጽሑፉ ማዕከላዊ ነጥብ፣ ሜዳ ሲታጣ ከነጥብ ይልቅ የሚጎዳው ክለቡ ለሕዝቡ መልስ የሚሰጥበት ሥፍራ መሆኑ ነው።

ቁልፍ ቃላት፦ ባለሜዳነት፣ ዱቡሻ፣ ኦቾሎ፣ አርባ ምንጭ ከተማ፣ የውድድር ዘመን፣ ራግቢ ሊግ

1. መግቢያ

የአንድ ክለብ የውድድር ዘመን በተለምዶ የሚነገረው በሠንጠረዥ ነው፤ ስንት ጨዋታ አሸነፈ፣ ስንት ተሸነፈ፣ በስንተኛ ደረጃ ጨረሰ። ሠንጠረዡ ግን ከኋላው አንድ ያልተጻፈ ስምምነት ይዟል። እያንዳንዱ ክለብ ከጨዋታዎቹ ግማሹን በገዛ ከተማው፣ በገዛ ሕዝቡ ፊት እንደሚያደርግ ታሳቢ ይደረጋል። ስምምነቱ ሲፈርስ ሠንጠረዡ መልኩን ሳይለውጥ ይቀጥላል፤ በመርሐ ግብሩ ላይ «ባለሜዳ» እና «እንግዳ» የሚሉት ቃላትም እንደ ቀድሞው ይታተማሉ። የተለወጠው የቃላቱ ፍቺ ነው።

ለአርባ ምንጭ ከተማ ይህ ለውጥ ረቂቅ ጉዳይ አይደለም። ክለቡ በ2014 ዓ.ም. ወደ ፕሪምየር ሊጉ ሲመለስ ያገኘው ሊግ በ2010 ዓ.ም. ትቶት ከወጣው ሊግ በአንድ መሠረታዊ ነገር ይለያል፦ ጨዋታዎቹ ወደ ከተማው አይመጡም። በስሙ የከተማ ክለብ፣ በበጀቱ የሕዝብ ክለብ የሆነ ቡድን የውድድር ዘመኑን በሌሎች ከተሞች ያሳልፋል። ይህ ጽሑፍ የሚጠይቀው ሁለት ጥያቄ ነው። አንደኛ፣ በተመረጡ ከተሞች የሚካሄደው ውድድር ለሁሉም ክለቦች እኩል ገለልተኛ ነውን? ሁለተኛ፣ ሜዳው ሲርቅ በክለቡና በሕዝቡ መካከል ያለው ግንኙነት ምን ይሆናል?

2. የአቀራረብ ዘዴ

ጽሑፉ ሰነዳዊና ንጽጽራዊ ነው። በአደባባይ የታወቁ የውድድር ውጤቶችን፣ የሊጉን የአስተናጋጅ ከተሞች አሠራር፣ ስለ ባለሜዳነት የተደረጉ ጥናቶችንና ስለ ኦቾሎ የተጻፈውን የሥነ ሰብ ጥናት አንድ ላይ ያነባል። በዚህ ጽሑፍ የኢትዮጵያ ውድድሮች ዘመን በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ የውጭ አገሮቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.) ተቀምጧል።

ከራግቢ ሊግ ጋር የተደረገው ንጽጽር ማብራሪያ ይሻል። ራግቢ ሊግ በ1895 እ.ኤ.አ. በሰሜን እንግሊዝ ከራግቢ ዩኒየን ተለይቶ የወጣ፣ በእያንዳንዱ ወገን 13 ተጫዋቾች የሚሰለፉበት ስፖርት ነው፤ በኢትዮጵያ ብዙም አይታወቅም። የተመረጠው ለጨዋታው ዓይነት ሳይሆን ለሁኔታው ነው። አንድ ባለሙያ ክለብ ለተከታታይ ዓመታት ከሕዝቡ ርቆ ሲወዳደር ምን እንደሚገጥመው በግልጽ ከሚያሳዩት ጥቂት ምሳሌዎች አንዱ በዚህ ስፖርት ውስጥ ይገኛል።

3. ባለሜዳነት በጥናቶች ውስጥ

ባለሜዳ መሆን ጥቅም እንዳለው በስፖርት ሳይንስ ውስጥ ከተረጋገጡ ግኝቶች አንዱ ነው። ኮርኔያና ካሮን በ1992 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የባለሜዳነት ጥቅም ማለት ሚዛኑን በጠበቀ መርሐ ግብር ባለሜዳ ቡድኖች ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ጨዋታ የሚያሸንፉበት ክስተት መሆኑን ገልጸው፣ ከሥፍራው ጋር የተያያዙ አራት ምክንያቶችን ለይተዋል። እነዚህም የተመልካቹ ድጋፍ፣ ከሜዳው ጋር ያለው ልምምድ፣ የእንግዳው ጉዞና የውድድሩ ደንብ ናቸው።

ከአራቱ ይበልጥ የተመረመረው ተመልካቹ ነው። ኔቪል፣ ባልመርና ዊልያምስ በ2002 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሙከራ 40 ዳኞች የሊቨርፑልና የሌስተር ሲቲን ጨዋታ 47 ግጭቶች በቴሌቪዥን አይተው እንዲፈርዱ ተደርጎ ነበር። የተመልካቹን ጩኸት እየሰሙ የፈረዱት ዳኞች ጩኸቱን ካልሰሙት ጋር ሲነጻጸሩ በባለሜዳው ላይ የቆጠሩት ጥፋት 15.5 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። በ2020 እ.ኤ.አ. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የአውሮፓ ስታዲየሞች ባዶ በሆኑበት ጊዜ የተደረጉ ጥናቶችም ባዶ ሜዳ የዳኞችን አድልዎ እንደሚቀንስ በአብዛኛው አሳይተዋል።

እነዚህ ጥናቶች ግን አንድ የጋራ ወሰን አላቸው። ሕዝቡን የሚመለከቱት በውጤቱ ላይ ተጽእኖ እንዳለው አንድ ኃይል፣ እንደ ድምፅ መጠን ነው። ሕዝቡ በሜዳው ተገኝቶ ለራሱ ምን ያገኛል፣ ክለቡንስ በምን ይቆጣጠራል የሚለው ጥያቄ ከመለኪያቸው ውጪ ይቀራል። ኦቾሎ የምታግዘው በዚህ ነጥብ ላይ ነው።

4. ኦቾሎ፦ ሥፍራ ሕዝብን ሲሠራ

ኦቾሎ ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን፣ ወደ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ፣ የአባያን ሐይቅ ከላይ በሚመለከት ዓለታማ ከፍታ ላይ የተመሠረተች የጋሞ መንደር ናት። በዓለም የጥናት መድረክ የታወቀችው ፈረንሳዊው የሥነ ሰብ ተመራማሪ ማርክ አቤሌስ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ካደረገው የመስክ ሥራ በኋላ ነው። አቤሌስ በ1983 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የኦቾሎን የሸንጎ ሥርዓት የገለጸ ሲሆን፣ የመጽሐፉ ርእስ በአማርኛ ሲመለስ «የፖለቲካው ሥፍራ» እንደማለት ነው። ርእሱ የመከራከሪያውን ፍሬ ይዟል፤ በኦቾሎ ፖለቲካ ከሥፍራ ተለይቶ አይታይም።

ዱቡሻ በጋሞ ማኅበረሰብ ሕዝብ ተሰብስቦ የሚመክርበት፣ የሚዳኝበትና የሚወስንበት አደባባይ ነው። ነገሩ በሕዝብ ፊት ይነገራል፣ በሕዝብ ፊት ይመለሳል፣ በሕዝብ ፊት ይወሰናል። ሀላቃ ተብሎ የሚጠራው ባለ ማዕረግም ሥልጣኑን የሚያገኘው ከዚሁ ጉባኤ ነው። በዱቡሻ ሐሰት መናገር ጎሜ፣ ማለትም መዘዝ የሚያስከትል ነውር፣ ተደርጎ ይቆጠራል። ስለዚህ ሥፍራው የውሳኔ መስጫ ብቻ አይደለም። ተናጋሪውን በቃሉ የሚያስር፣ የተሰበሰበውንም ሰው ከብዙ ግለሰቦች ወደ አንድ ሕዝብ የሚለውጥ ነው።

ይህን ሥርዓት ያለ ነቀፋ ማወደስ ተገቢ አይሆንም። ሴቶችና በሸክላ ሥራ፣ በቆዳ ፍቀትና በመሳሰሉት የእጅ ሙያዎች የሚተዳደሩ ወገኖች በዚያ አደባባይ ከሌሎቹ እኩል የመናገር መብት አልነበራቸውም። ይሁን እንጂ ገደቡ ራሱ የሥፍራውን ክብደት ያስረዳል። ከሥፍራው የራቀ ሰው ከሕዝቡ ቁጥር ይወጣ ነበርና።

የእግር ኳስ ሜዳ ዱቡሻ ነው ማለት ስሕተት ይሆናል፤ በሜዳ ሕግ አይወጣም፣ ነገር አይዳኝም። ሁለቱ የሚገናኙት በአንድ ባሕርይ ነው። በሁለቱም ሥፍራ ኃላፊነት የተሸከመ ሰው ኃላፊነቱን የሰጠው ሕዝብ ፊት በአካል ይቆማል። አሰልጣኙ ቡድኑ ሲሸነፍ፣ የክለቡ አመራር ገንዘቡን አለአግባብ ሲጠቀም፣ ተጫዋቹ ሲለግም ሕዝቡ እዚያው አይቶ እዚያው ይናገራል። ከኦቾሎ በጠዋት ወርዶ ጨዋታውን አይቶ ማታ የሚመለስ ሰው የከፈለው የመግቢያ ዋጋ ይህን የማየትና የመናገር ሥፍራ ይገዛለታል።

5. የአርባ ምንጭ ከተማ ሦስት ዘመናት

የክለቡ ታሪክ በፕሪምየር ሊጉ ውስጥ በሦስት ዘመናት ሊከፈል ይችላል። የመጀመሪያው ከ2004 እስከ 2010 ዓ.ም. ያሉትን ሰባት ተከታታይ የውድድር ዘመናት ይሸፍናል። በዚህ ጊዜ ክለቡ ለረጅም ጊዜ ይጠራ የነበረው «አርባ ምንጭ ከነማ» ተብሎ ነው። «ከነማ» ከተማ ነዋሪዎች ማኅበር የሚለው ሐረግ ምኅጻረ ቃል በመሆኑ፣ ስሙ ራሱ ክለቡ የማን እንደሆነ ይናገር ነበር። «አዞዎቹ» የሚለው ቅጽል ስምም ከጫሞ ሐይቅ አዞዎች የተወረሰ የአካባቢው መለያ ነው። ተጋጣሚዎች ከአዲስ አበባና ከሌሎች ከተሞች ተጉዘው፣ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1300 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ሞቃት ከተማ ይጫወቱ ነበር። ኮርኔያና ካሮን የዘረዘሯቸው ጉዞ፣ ልምምድና ተመልካች ሦስቱም በሥራ ላይ ነበሩ። ቢሆንም ክለቡ በ2010 ዓ.ም. ከወልዲያና ከኢትዮ ኤሌክትሪክ ጋር ከሊጉ ወረደ። ባለሜዳነት ብቻውን ክለብን እንደማያድን ይህ የመጀመሪያው ማስረጃ ነው።

በመሐሉ ሊጉ ተለወጠ። የ2012 ዓ.ም. ውድድር በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ተሰረዘ። ከዚያ በፊት የነበሩት ዓመታትም በደጋፊዎች ግጭትና በጸጥታ ስጋት የታወኩ ነበሩ። በ2013 ዓ.ም. በሊጉ አክሲዮን ማኅበር አስተዳደር ሥር ውድድሩ ሲቀጥል ክለቦቹ በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ እየተሰባሰቡ እንዲጫወቱ ተደረገ። በዚያው ዓመት የዲኤስቲቪ የቀጥታ ስርጭትም ተጀመረ። ለወረርሽኝ ጊዜ የተዘጋጀው አሠራር ወረርሽኙ ካለፈ በኋላም ቀጠለ።

ሁለተኛው ዘመን የ2014 እና የ2015 ዓ.ም. ነው። ክለቡ ከከፍተኛ ሊግ አድጎ ተመልሶ፣ እንደ ሐዋሳ፣ አዳማ፣ ድሬዳዋና ባሕር ዳር ባሉ አስተናጋጅ ከተሞች ተወዳደረ፤ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻም ከኢትዮ ኤሌክትሪክና ከለገጣፎ ለገዳዲ ጋር ወረደ። ሦስተኛው ዘመን ክለቡ ለ2017 ዓ.ም. ዳግም ወደ ፕሪምየር ሊጉ ሲያድግ ይጀምራል። ያን ጊዜም ጨዋታዎቹ የተካሄዱት በድሬዳዋ፣ በአዳማና በሐዋሳ ነበር።

ርቀቱን መገመት አያዳግትም። ከአስተናጋጆቹ ሁሉ ለአርባ ምንጭ ቅርብ የሆነችው ሐዋሳ እንኳ በመንገድ ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ድሬዳዋ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ናት፤ ባሕር ዳር ወደ 1000 ትጠጋለች። ከኦቾሎ ተነሥቶ አርባ ምንጭ ደርሶ መመለስ የአንድ ቀን ጉዳይ ሲሆን፣ ድሬዳዋ ደርሶ መመለስ ግን የብዙ ቀናት ጉዞና የአልጋ ወጪ ይጠይቃል። ለገበሬው፣ ለቀን ሠራተኛውና ለተማሪው ይህ ርቀት ጨዋታውን ወደ ቴሌቪዥን፣ የጨዋታ ቀኑንም ወደ ዲኤስቲቪ ቤት ይወስደዋል።

6. ገለልተኛነቱ ለማን ነው?

የአሠራሩ ደጋፊዎች የሚያቀርቡት ዋነኛ መከራከሪያ እኩልነት ነው፦ ማንም ባለሜዳ ካልሆነ ማንም አይጎዳም። መከራከሪያው ትክክል የሚሆነው አስተናጋጆቹ ከተሞች በሊጉ ውስጥ ክለብ ባይኖራቸው ነበር። እውነታው ግን ሌላ ነው። በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. ሐዋሳ ሁለት ክለቦች ነበሯት፤ ሐዋሳ ከተማና ሲዳማ ቡና። አዳማ፣ ድሬዳዋና ባሕር ዳርም እያንዳንዳቸው አንድ ክለብ ነበራቸው። ከ16ቱ ክለቦች አምስቱ የውድድር ዘመኑን ከፊል በገዛ ከተማቸው ሲያሳልፉ፣ 11ዱ ግን ይህ ዕድል አልነበራቸውም።

ነገሩን በምሳሌያዊ ስሌት ማየት ይቻላል። 16 ክለቦች ባሉበት ሊግ እያንዳንዱ ክለብ 30 ጨዋታ ያደርጋል፤ በቀድሞው ሥርዓት 15ቱ በሜዳው ናቸው። አንድ ከተማ የስምንት ሳምንታት ጨዋታዎችን ቢያስተናግድ የዚያ ከተማ ክለብ በመርሐ ግብሩ ላይ ባለሜዳም ተባለ እንግዳ ስምንት ጨዋታ በከተማው ያደርጋል። አርባ ምንጭን የመሰለ ክለብ በአንጻሩ የሚያደርገው ዜሮ ነው። የስምንት ጨዋታ ልዩነት 24 ነጥብ የሚደለደልበት ልዩነት ነው። ይህ ማለት አስተናጋጁ ነጥቦቹን ሁሉ ያገኛል ማለት አይደለም፤ ገለልተኛ የተባለው መድረክ በውስጡ ያልተመዘገበ ባለሜዳነት አለው ማለት ነው።

በውጤት ደረጃ የሚታየው ትኩረት ይስባል። በ2014 ዓ.ም. የወረዱት አዲስ አበባ ከተማ፣ ጅማ አባ ጅፋርና ሰበታ ከተማ ሲሆኑ፣ በ2015 ዓ.ም. የወረዱት አርባ ምንጭ ከተማ፣ ኢትዮ ኤሌክትሪክና ለገጣፎ ለገዳዲ ናቸው። ከስድስቱ አንዱም ከአምስቱ የአስተናጋጅ ከተማ ክለቦች ውስጥ አልነበረም። ሆኖም ከዚህ ተነሥቶ ቸኩሎ መደምደም አይገባም። መውረድ በዕጣ ብቻ የሚወሰን ቢሆን እንኳ ከአምስቱ አንዱም ለሁለት ተከታታይ ዓመታት ላለመውረድ ያለው ዕድል ከመቶ ወደ 9 ይደርሳል። ይህ አነስተኛ ቢሆንም የማይሆን አይደለም። በተጨማሪም በሁለቱም ዓመታት ዋንጫውን ያነሣው ቅዱስ ጊዮርጊስ የአዲስ አበባ ክለብ ነው፤ እርሱም ሜዳው ለሊጉ አስተናጋጅ አልነበረም። ጠንካራ ስብስብና አቅም ያለው ክለብ የሜዳ እጦትን ሊቋቋመው ይችላል። እጦቱ የሚከብደው በሠንጠረዡ ግርጌ አካባቢ፣ አንድና ሁለት ነጥብ ዕጣ በሚወስኑበት ሥፍራ ላለ ክለብ ነው ቢባል ከማስረጃው ጋር ይስማማል፤ ማረጋገጫው ግን ከሁለት ዓመት በላይ የሆነ መረጃ ይፈልጋል።

ብሔራዊ ቡድኑም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስተምራል። የአገሪቱ ስታዲየሞች በአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን መስፈርት ብቁ ባለመባላቸው ኢትዮጵያ ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብፅን ያስተናገደችው በማላዊ ዋና ከተማ ሊሎንግዌ ነበር፤ 2 ለ 0ም አሸነፈች። ድሉ ሜዳ የሌለው ቡድን ማሸነፍ እንደሚችል ያሳያል። ያንኑ ድል የኢትዮጵያ ሕዝብ በገዛ አገሩ ስታዲየም ሆኖ ሊያየው አለመቻሉ ደግሞ የዚህን ጽሑፍ ሁለተኛ ጥያቄ ያስነሣል።

7. ንጽጽር፦ የኒውዚላንድ ዋሪየርስ ስደት

የኒውዚላንድ ዋሪየርስ በአውስትራሊያ በሚመራው ብሔራዊ የራግቢ ሊግ ውስጥ ያለ ብቸኛ የኒውዚላንድ ክለብ ነው፤ በ1995 እ.ኤ.አ. በኦክላንድ ስም ወደ ውድድሩ ገባ። በመጋቢት 2020 እ.ኤ.አ. ውድድሩ በወረርሽኙ ተቋርጦ በግንቦት ሲቀጥል የሁለቱ አገሮች ድንበር ዝግ ነበር። ክለቡ ተጫዋቾቹን ይዞ ወደ አውስትራሊያ ተሻገረ፤ በታምዎርዝ ከተማ ለይቶ ማቆያ ገብቶ፣ ከዚያ በሴንትራል ኮስት አካባቢ ሰፈረ። «ባለሜዳ» የሆነባቸውን ጨዋታዎች በጎስፎርድ ስታዲየም አደረገ። የውድድር ዘመኑ መሐል ላይ ከቤተሰባቸው መለየት የከበዳቸው አራት ተጫዋቾች ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ክለቡም ከሌሎች ክለቦች በውሰት በተገኙ ተጫዋቾች ክፍተቱን ሞላ።

ውጤቱ በሠንጠረዥ ይታያል። ከ16 ክለቦች በ2020 10ኛ፣ በ2021 12ኛ፣ በ2022 15ኛ ወጣ። በ2021 እ.ኤ.አ. አጋማሽ ወረርሽኙ በሲድኒ ሲባባስ ሊጉ በጠቅላላ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ኩዊንስላንድ ተዛውሮ ስለ ነበር፣ የአውስትራሊያ ክለቦችም ከኢትዮጵያው ጋር የሚመሳሰል የተሰባሰበ ውድድር ለጊዜው ቀምሰዋል። ዋሪየርስ ወደ ኦክላንዱ ማውንት ስማርት ስታዲየም የተመለሰው ሐምሌ 3 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ነው፤ በሞላ ስታዲየም ፊት ዌስትስ ታይገርስን 22 ለ 2 አሸነፈ። በ2023 እ.ኤ.አ. ሙሉውን ዘመን በአገሩ ሲጫወት ከ24 ጨዋታ 16ቱን አሸንፎ ከ17 ክለቦች አራተኛ ሆነ፤ ለፍጻሜ ለማለፍ አንድ ጨዋታ ሲቀረው በብሪዝበን ብሮንኮስ ተሸነፈ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ ሜዳው ተመለሰ፣ ድሉም ተመለሰ ለማለት ይመች ነበር። ነገር ግን በ2023 ክለቡ አዲስ አሰልጣኝና የተለወጠ ስብስብ ነበረው። በ2024 እ.ኤ.አ.ም በዚያው ሜዳ፣ በዚያው አሰልጣኝ እየተመራ ወደ 13ኛ ደረጃ ወርዷል። ለዚህ ጥናት ይበልጥ የሚጠቅመው ቀጥሎ ያለው ነው፤ ውጤቱ ሲወርድ ሕዝቡ አልቀረም፤ ስታዲየሙ በ2024ም በተመልካች መሞላቱን አላቋረጠም። በሜዳው የተመለሰው ግንኙነት ከነጥቡ የበለጠ ዕድሜ ነበረው።

በሁለቱ ክለቦች መካከል ያለው ልዩነትም መረሳት የለበትም። ዋሪየርስ ሲሰደድ የሊጉ አመራር መሥዋዕትነቱን በይፋ አመስግኗል፣ የስደቱ ምክንያት የድንበር መዘጋት እንደሆነም ይታወቅ ነበር፤ ድንበሩ ሲከፈት ክለቡ ተመለሰ። የአርባ ምንጭ ግን የድንበር መዘጋት አይደለም። ከጊዜያዊነት ወደ ልማድ የተሸጋገረ አሠራር ነው፤ ስደት ተብሎም አይጠራም።

8. ውይይት

በተመረጡ ከተሞች መወዳደር የራሱ ምክንያቶች አሉት፤ ሦስቱም በቁም ነገር ሊታዩ ይገባል። የመጀመሪያው ወጪ ነው። ክለቦች በየሳምንቱ አገር ከሚያቋርጡ ይልቅ በአንድ ከተማ ለሳምንታት ቢሰነብቱ ጉዞው ይቀንሳል። ሁለተኛው ስርጭት ነው፤ የቀጥታ ስርጭት መሣሪያና ባለሙያ በጥቂት ከተሞች መገደቡ ሥራውን ያቀላል። ሦስተኛው ጸጥታ ነው። በ2011 ዓ.ም. የአማራና የትግራይ ክለቦች አንዱ በሌላው ክልል ለመጫወት የተቸገሩበት ሁኔታ የሩቅ ትዝታ አይደለም።

ስለ ወጪው፣ የከተማ ክለብ በጀት በአብዛኛው ከሕዝብ ግምጃ ቤት የሚወጣ መሆኑ መዘንጋት የለበትም። ነዋሪው ገንዘቡን እየከፈለ ጨዋታውን ካላየ፣ የተቆጠበው የጉዞ ወጪ ወደ ደጋፊው ትከሻ ተላልፏል ማለት ነው። የጨዋታ ቀን የሚያመጣው የምግብ ቤት፣ የአልጋና የታክሲ ገበያም ከአርባ ምንጭ ወደ አስተናጋጁ ከተማ ይሄዳል። ስርጭትን በተመለከተ፣ ምስሉ ኦቾሎ መድረሱ ራሱን የቻለ ጥቅም ነው። ሆኖም ተመልካቹ ያያል እንጂ አይታይም፤ የክለቡ አመራር የዲኤስቲቪ ቤቱን ሕዝብ ፊት ለፊት አያገኘውም። ከዱቡሻ አንጻር ይህ መሠረታዊ ልዩነት ነው፤ በጉባኤው ያልተገኘ ሰው ወሬው ቢደርሰውም ቃሉ አይቆጠርም።

ጸጥታን የሚመለከተው መከራከሪያ ከሁሉ ይከብዳል፤ ነገር ግን ሕዝቡን እንደ ስጋት ብቻ ያያል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. ከቡራዩ ግድያ በኋላ በአርባ ምንጭ ለበቀል የተነሡ ወጣቶችን የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው፣ ተንበርክከው መመለሳቸው በመላ አገሪቱ የታወቀ ነው። ያ ክስተት ከስፖርት ጋር የሚያገናኘው ነገር አልነበረም፤ የሚያስተምረው ግን ለዚህ ጉዳይም ይሠራል። የተቆጣ ሕዝብን የሚያበርድ ሥልጣን ያለው በገዛ ሥፍራው፣ በሚያውቁትና በሚያፍሩበት ሽማግሌዎች ፊት ነው። ደጋፊ በራሱ ከተማ ሲሆን የሚቆጣጠሩት ጎረቤትና ባህል አሉት፤ በባዕድ ከተማ ያለ ደጋፊ የሚቆጣጠረው ፖሊስ ብቻ ነው።

ቀድሞ የተነሣው የዱቡሻ ጉድለትም እዚህ ላይ መመለስ አለበት። ሜዳው ይመለስ ማለት የቀድሞው ሜዳ እንደ ነበረ ይመለስ ማለት አይደለም። ክለቡ የሴቶች ቡድንም አለው። የስታዲየሙ ደረጃ የወንዶች መሰብሰቢያ ብቻ ሆኖ ከቀጠለ የአሮጌው አደባባይ ገደብ በአዲስ መልክ ይደገማል። ሜዳው ሕዝብን ይሠራል ከተባለ፣ የሚሠራው ሕዝብ ሴቶችንና ልጃገረዶችን የሚጨምር እንዲሆን የሴቶቹ ቡድን ጨዋታዎችም በከተማው እኩል ክብር ሊሰጣቸው ይገባል።

9. ማጠቃለያ

በጽሑፉ መጀመሪያ ለተነሡት ሁለት ጥያቄዎች የሚከተለው መልስ ተገኝቷል። በተመረጡ ከተሞች የሚደረገው ውድድር ለሁሉም እኩል ገለልተኛ አይደለም፤ የአስተናጋጅ ከተሞችን ክለቦች ከፊል ባለሜዳ፣ ሌሎቹን ሙሉ እንግዳ ያደርጋል። በውጤት ላይ ያለው ተጽእኖ ግን ከሁለት ዓመት ሠንጠረዥ ሊረጋገጥ አይችልም፤ የቅዱስ ጊዮርጊስም ሆነ የዋሪየርስ ታሪክ ሜዳና ውጤት ቀጥተኛ መንትዮች እንዳልሆኑ ያሳያል። በእርግጠኝነት የሚታየው ጉዳት በሌላ በኩል ነው። ክለቡ ለሕዝቡ መልስ የሚሰጥበት፣ ሕዝቡም ራሱን እንደ ሕዝብ የሚያይበት ሥፍራ ተወስዷል።

ከዚህ በመነሣት ሦስት ሐሳቦች ይቀርባሉ። አንደኛ፣ ሊጉ ሙሉ በሙሉ ወደ ቀድሞው ሥርዓት መመለስ ካልቻለ፣ በእያንዳንዱ የውድድር ዘመን ጥቂት ሳምንታትን አስተናጋጅ ላልሆኑ ከተሞች በተራ ቢመድብ የተወሰነውን ጉድለት ያቃልላል። ሁለተኛ፣ የአስተናጋጅ ከተማ ክለብ በከተማው የሚያደርጋቸው ጨዋታዎች በመርሐ ግብሩ ላይ በግልጽ ቢመዘገቡ የተደበቀው ባለሜዳነት የሚለካ ይሆናል፤ ለወደፊት ተመራማሪም አስተማማኝ መረጃ ይተዋል። ሦስተኛ፣ ሜዳው እስኪመለስ ድረስ ክለቡ በየውድድር ዘመኑ መጀመሪያና መጨረሻ በአርባ ምንጭ አደባባይ ለሕዝቡ ሪፖርት የሚያቀርብበት ጉባኤ ቢኖረው ከአካባቢው ባህል ጋር የሚስማማ ተጠያቂነት ይፈጠራል። ለዚህ አዲስ ሥርዓት ከውጭ መዋስ አያስፈልግም። ከከተማዋ በላይ ባለው ዓለት ላይ ያለችው ኦቾሎ፣ ኃላፊነት የተቀበለ ሰው ኃላፊነቱን በሰጠው ሕዝብ ፊት መቆም እንዳለበት ከረጅም ጊዜ ጀምሮ ታውቃለች።